የካሴቱ ሙሽራ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5፣ 1996

ልሳነወርቅ ዛሬ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። ኮል ማድረግ ሲችል በአካል መምጣቱ ብቻውን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። መኪኖች ከማቆሚያ ጋራዡ ለመውጣት ተሰልፈው፣ እሱ ሂሳብ በምቀበልበት ቡዝ መስኮት በኩል ጎንበስ ብሎ፣ «ውቢትዬ፣ አዳራሽ ተገኘ!» አለኝ። እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ ያለ የሃይስኩል አዳራሽ ነው። በኖቬምበር መጨረሻ፣ የታንክስጊቪንግ በዓል ቅዳሜ፣ «የምድር ባቡር ሙሽራ» እንደገና መድረክ ይወጣል።

 ለአንዱ ባለመኪና የሌላውን ቲኬት ሰጠሁት።

ቴአትሩን የጻፈው ልሳነወርቅ ነው። ሙሽራዋን ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ነኝ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ። አዲስ አበባ ጥቂት ሳምንታት ታይቶ አብዮቱ ሲመጣ ተዘጋ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማናውቀው ሰው ግን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ በቴፕ ቀድቶት ኖሯል። ካሴቱ ከካሴት እየተገለበጠ ካርቱም ደረሰ፣ ሮም ደረሰ፣ እዚህም ደረሰ። ዘፈኖቹን በቃሉ የማያውቅ ሐበሻ ዋሽንግተን ውስጥ አላየሁም። ካሴቱ ላይ፣ ሙሽራዋ አዋሽ ጣቢያ ከባቡሩ ልትወርድ ስትል ከተመልካቹ መሀል አንድ ሰው ሲስል ይሰማል። ሰርግ ላይ ሲዘፍኑት እንኳ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ሁሉም አብረው ይስላሉ። ያ ሰውዬ ከኔ ይበልጥ ታዋቂ ነው። ካሴቱ ላይ ስሜ የለማ።

«ልምምድ መቼ እንጀምራለን?» አልኩት።

ጫማውን አየ። «ሰሊና ልትመጣ ነው» አለ። «የቴሌቪዥኗ ሰሊና። ባለግሮሰሪው ፍሰሐ ቪዛዋን ጨርሶላታል። ሙሽራዋን እሷ ትሠራለች።»

ከኋላ ጡሩንባ ተነፋ።

«አንቺ እናትየዋን። እናትየዋ እኮ ሁለት ዘፈን አላት፣ ውቢትዬ። ጣቢያው ላይ ስትሸኛት ያለው ራሱ...»

«እሺ» አልኩት። ሳቅሁም መሰለኝ። ጥፋቴ ይኼ ነው፤ ሁሌም ቶሎ እሺ እላለሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ሙሽራዋ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እኔ አርባ አራት ነኝ። ይኼን አውቃለሁ፤ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም።

ሃያትስቪል ካለው ቤቴ እስከ ሥራዬ መኪና ውስጥ የሙሽራዋን ዘፈን ስለማመድ ነበር፣ አዳራሽ ፍለጋው ከተጀመረበት ከፋሲካ ጀምሮ። የመጨረሻዋ የድምፅ ከፍታ ላይ አንዳንድ ቀን እደርሳለሁ፣ አንዳንድ ቀን ትሰበርብኛለች። ለማንም አልነገርኩም። መንገድ ላይ የሚያየኝ ሰው ከራሷ ጋር የምትጣላ ይመስለዋል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

መጣች። ፍሰሐ ግሮሰሪ ደጃፍ ሰሊናን ሊቀበል የመጣው ሰው ከእግረኛው መንገድ ተርፎ ነበር። የድራማዋን ቪዲዮ የሚያከራየው እሱ ነው፤ ሰው በየሳምንቱ ወረፋ ይዞ ነው የሚወስደው። ድራማው ላይ ነርስ ናት። አንዲት እናት ከቦርሳቸው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ይኼን ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?» አሏት። ሰሊና አልሳቀችባቸውም። ጠርሙሱን ተቀብላ አነበበችና፣ «እማማ፣ እኔ ነርስ አይደለሁም፤ እዚህ ላይ ግን ከምግብ በኋላ ይላል» አለቻቸው።

ቆንጆ ናት። ከቴሌቪዥኑ ትቀጥናለች።

ልሳነወርቅ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ «ሆቴል ብቻዋን ከምትሆን አንቺ ጋ ብትሆንስ?» አለኝ። እሺ አልኩ። ይኸው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

«እርስዎ» ትለኛለች። «እትዬ ውቢት፣ ሻወሩን ልጠቀም? እርስዎ ይቅደሙ።» ልጄ ሩሃማ አልጋዋን ለቃላት መሬት ላይ ትተኛለች፣ በደስታ። ለኔ ሰሃን አንስታ የማታውቅ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጠዋት ጠዋት ለሰሊና እንቁላል ትጠብሳለች። «ማም፣ ሺ ኢዝ ሶ ናይስ» ትለኛለች። ናይስ፣ ደግ መሆን ለቆንጆ ሰው ምን ይከብዳል?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

የመጀመሪያው ልምምድ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሬስቶራንቱ ምድር ቤት፣ ወንበር ገፍተን።

መዝፈን አትችልም! ማለት ድምፅ አላት፣ ግን ትንፋሿ አጭር ነው፤ ከግማሽ መንገድ ትወድቃለች። ልሳነወርቅ በላብ ተጠመቀ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ውቢትዬ፣ አንቺ ብታሳያትስ?» አለ።

አሳየኋት። ተቀምጬ፣ ኮቴን ሳላወልቅ።  ከፍታዋ ላይ ደረስኩ፤ ዛሬ ከሚደረስባቸው ቀኖች አንዱ ነበር። የሰሊና ዓይን እንባ ሞላ። «እርስዎ ነዎት እንዴ ካሴቱ ላይ ያሉት?» አለችኝ። ለካ አልነገሯትም።

በእረፍት ሰዓት መጸዳጃ ቤት ሆኜ ከአጃቢ ዘፋኞቹ ሁለቱ ሲያወሩ ሰማሁ።

«እናትየዋ ናት አሉ ካሴቱ ላይ የምትዘፍነው።»

«ውይ! እኔ እኮ የሞተች መስሎኝ።»

እጃቸውን ታጥበው እስኪወጡ ድረስ ቁጭ አልኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 25

አስተምራታለሁ። ትንፋሽ ከሆድ እንደሚወጣ ነገርኳት። ትንፋሹን የት ላይ መስረቅ እንዳለባት ግን አልነገርኳትም። እሱን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ ያገኘሁት።

ትሠራለች። አልዋሽም። ከሥራ ስመለስ መኝታ ቤቱን ዘግታ ትለማመዳለች። ጎረቤቱ ግድግዳ ይደበድባል። ትናንት የት ላይ እንደሚሰረቅ ራሷ አገኘችው። ኩሽና ቆሜ ሰማኋት።

ሽንኩርቱ አረረብኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 3

ዛሬ ብዙ ልጽፍ ነው፤ ሩሃማ ሲኒማ ቤት ሥራዋ ላይ ናት፣ ሰሊና ተኝታለች።

ጠዋት ከቤተክርስቲያን በፊት ስልክ ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ በስልክ ካርድ አዲስ አበባ ስትደውል እንዲህ ታደርጋለች። ውኃውን ከፍታ ነው የምታወራው። ስትወጣ ፊቷ አብጧል። ሻይ ቀዳሁላት። ዝም ብዬ ብቀመጥ ይሻል ነበር፤ «ምን ሆንሽ?» አልኳት።

ነገረችኝ። ልጅ አላት። ዮዲ፣ አምስት ዓመቷ። ድራማው ላይ ልጃገረድ ስለሆነች ስለ ልጇ በአደባባይ አታወራም። አባትየው ሞቷል። ልጅቷ ከሰሊና እናት ጋር ናት።

«እትዬ ውቢት፣ እኔ አልመለስም» አለችኝ። «ቴአትሩን ልይ ብላ እናቴ ዮዲን ይዛ ትመጣለች፣ ለጉብኝት። የቪዛ ቀጠሯቸው ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ ነው። እዚህ ከገቡ ሦስታችንም እንቀራለን። አንድ ሰው ግን ላትመለስ ነው ብሎ ካወራ አለቀልኝ፤ አይሰጧቸውም።»

«ለልሳነወርቅ ነግረሻል?»

«ለማንም። ለእርስዎ ብቻ ነው።» እጄን ያዘች። «እናቴ ነዎት እዚህ አገር።»

እናቷ! በአሥራ ሰባት ዓመት ነው የምበልጣት።

ማልኩላት። ኋላ አጠገቤ ሆና መልሳ ስትደውል የልጅቷን ድምፅ ሰማሁት፤ «እማዬ፣ በረዶ አለ?» ትላለች። ልጅ ደስ ይላል። እግዜር ይርዳት ብያለሁ፣ ከልቤ።

ሌላም ነገር አለ፤ ከተጻፈ አይቀር። እዚህ ከቀረች ለአንድ ቅዳሜ የተዋስናት ሙሽራ ብቻ ሆና አታበቃም። ዳላስም፣ ሎስ አንጀለስም፣ በየዓመቱም ሙሽራዋ እሷ ናት ማለት ነው። ይኼ የሷ ጥፋት አይደለም። አሰብኩት ብቻ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8

ፖስተሩ ወጣ። ሙሉው የሷ ፊት። ከሥር «የምድር ባቡር ሙሽራ»፣ ከዚያ «ድርሰትና ዝግጅት ልሳነወርቅ»፣ ከዚያ የሰሊና ስም በቀይ፣ ከዚያ «እና ሌሎችም»።

ፍሰሐን፣ «የኔ ስም የት አለ?» አልኩት።

«ቦታ አልበቃ አለ፣ ውቢት። ደግሞ አንቺን ማን የማያውቅ አለ?»

«ማን ያውቀኛል?»

ደንበኛ መጣበት።

ሦስት ፖስተር ሰጠኝ፤ ጋራዡ ውስጥ እንድለጥፍለት። አንዱን ከቡዙ ፊት ለፊት ለጠፍኩት። ሺፍቴ እስኪያልቅ ስታየኝ ዋለች።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

ሴቨን ኮርነርስ ሰፈር ጸጉር ሠሪዋ እታለማሁ ጋ ሄጄ ጸጉሬን ተሠራሁ። ስለ ሰሊና ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ ስለ ሰሊና ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ወሬ አልወድም። ተሠርቼ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

ልምምድ ጥሩ ነው። ሰሊናን አንቺ በይኝ ብያት አሁን አንቺ ትለኛለች፤ የባሰ ነው። ጣቢያው ላይ ስሸኛት አንገቴን አቅፋ እውነተኛ እንባ ታለቅሳለች። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። እኔም ማልቀሴን የሚያይ የለም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 17

የእሑዱ የአማርኛ ሬዲዮ። ሥራ ሆኜ ነው የሰማሁት። «ታዋቂዋ የቴሌቪዥን ተዋናይት ወደ አገር ቤት ላለመመለስ መወሰኗን ለቅርብ ሰዎቿ መግለጿን ሰምተናል።» ከዚያ ማስታወቂያ።

ለቅርብ ሰዎቿ። እነማን ናቸው የቅርብ ሰዎቿ?

እኔ ለእታለማሁ ያልኩት ወፍራም ኮት ገዛች ነው። ኮት መግዛት ሚስጥር አይደለም፤ ሰው እያየ ነው የገዛችው።

ቤት ስገባ ሰሊና ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ነበር። «ሰማሽ?» አለችኝ። «ሰማሁ» አልኳት። «ማን ሊሆን ይችላል?» አለች። ሩሃማ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛለች። የዚህ አገር ሐበሻ አፍ መዝጊያ የለውም አልኳት። እውነቴን ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ምናልባት አዲስ አበባ አይሰማም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

ተሰምቷል። አንድ ሰው ወሬውን ፋክስ አድርጎ ኖሮ አንድ ጋዜጣ ፎቶዋን ጨምሮ ፊት ገጹ ላይ አወጣው፤ «ሰሊና ኮበለለች?» በሚል ርዕስ። ጥያቄ ምልክቷን እንዳይረሱ! የቪዛ ቀጠሯቸው ዛሬ ነበር። እናቷ እንደነገሯት፣ ቃለ መጠይቁን ያደረገችላቸው ሴት በአስተርጓሚ፣ «ልጅዎ ትመለሳለች?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አዎ» አሉ። ኤምባሲው ግን ጋዜጣውን አስነብቦ ነበርና ቪዛውን ከልክሎ ሸኛቸው።

ዮዲ አዲስ ጫማ አድርጋ ነበር አሉ ለቀጠሮው።

ሰሊና አላለቀሰችም። ግድግዳውን ነው የምታየው። ሾርባ ሠራሁላት፤ አልበላችም። ትራሷን ቀየርኩላት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ስለ ልጅቷ ለእታለማሁ ያነሳሁት ሰው እንዲያዝንላት ብዬ ነው። እታለማሁም አዝናለች፤ ማበጠሪያውን ይዛ እንባዋ መጥቷል። እንዲህ ያዘነች ሴት ሬዲዮ ላይ ታስወራለች ብሎ ማን ይገምታል? አደራ ብያታለሁ ደግሞ። ብያታለሁ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 25

መሥሪያ ቤቷ በደብዳቤ ሳይሆን በስልክ ነው ያሳወቃት። እስከ ዓርብ ሥራ ገበታዋ ላይ ካልተገኘች ከድራማው ትወጣለች።

ልሳነወርቅ መጥቶ ሳሎኔ ውስጥ ተንበረከከ፣ ከምሬ ነው፣ በጉልበቱ። «አንድ ቀን! ቅዳሜን ብቻ ሥሪልኝና እሑድ ራሴ ኤርፖርት አደርስሻለሁ። ቲኬቱ አልቋል፣ ሰሊናዬ። ሃያ ሁለት ዓመት ነው የጠበቅሁት!»

«ጋሼ፣ እዚህ ብቀር ልጄን መቼ እንደማያት አላውቅም» አለችው። «እዚያ ሄጄ ሥራ ካጣሁ ደግሞ ምን ላበላት ነው?»

«ማንን ነው የምሸጠው ታዲያ ቅዳሜ?»

 ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ። ሰሊና ናት ቀድማ የተናገረችው። «እትዬ ውቢት አለች አይደል? ዘፈኑ የሷ ነው» አለች። ተነስታ ሳመችኝ።

በደንብ ሳመችኝ፣ በሁለቱም ጉንጬ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 27

ሩሃማ ሰሊናን ኤርፖርት አደረሰቻት። እኔ ሥራ ነበርኩ፤ ፈቃድ አልጠየቅሁም። ወፍራሙን ኮት ለሩሃማ ትታላታለች።

ልብስ ሰፊዋ አጸደ የሙሽራዋን ቀሚስ ልታሰፋልኝ ወሰደችው። ጎንና ጎኑን ፈትታ ጨርቅ ጨመረችበት። «አይታይም፣ ከሩቅ አይታይም» ትለኛለች መርፌ በአፏ ይዛ።

ሐሙስ፣ ታንክስጊቪንግ

ሩሃማ ጓደኞቿ ጋ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ዘፈንኩ። ከፍታዋ ላይ ከሦስቴ ሁለቴ እደርሳለሁ። ማታ ድምፄ ሻከረ። ለምን አልቆጥበውም? ደደብ ነኝ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 1

ትናንት ሆነ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። በሩ ላይ ፖስተሩ እንደተለጠፈ ነው፤ ማን ደፍሮ ያንሳው? ልሳነወርቅ ከመጋረጃው ፊት ወጥቶ ሰሊና በድንገተኛ የቤተሰብ ጉዳይ እንደሄደች ተናገረ። ጩኸቱን ከኋላ ሆኜ ሰማሁት። «ገንዘባችንን!» የሚል አለ። ወንበር ሲታጠፍ፣ በር ሲከፈት ይሰማል። «ሌላ ሰው ተክተናል» አለ ልሳነወርቅ። ሌላ ሰው። ካሴቱ ላይ ያለችው ናት ቢል ምን ነበረበት? ደንግጦ ነው ይላል ኋላ።

መጋረጃው ተከፈተ። የባቡሩ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ቬል ለብሼ። መብራቱ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ከፊት ረድፍ አንዲት ልጅ ሳቀች። አየኋት፤ አፏን በእጇ ያዘች። ቀሚሱ ከጎኔ ይወጥረኛል።

ከዚያ ዘፈንኩ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ አዳራሹ ተለወጠ። ድምፁን አወቁት። «ኧረ እሷ ናት!» ያለ ሰው ሰማሁ። አዋሽ ላይ ስደርስ አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ እንደ ካሴቱ ሰውዬ ሳለ፤ ሳቃቸው፣ ጭብጨባቸው፣ ሁሉም። ከፍታዋ ላይ ደረስኩ። በሕይወቴ እንደትናንት ዘፍኜ አላውቅም፤ በሃያ ሁለት ዓመቴም ቢሆን።

ያን ጊዜ ነው ያየኋቸው። መብራቱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ነበር። አብዛኛው ሰው ዓይኑን ጨፍኗል። ረድፉ በሙሉ ራሱን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያዳምጣል። እኔን የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም።

ፍሰሐ አበባ ይዞ መጣ። «ውቢት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁሽ። ምንም አልተለወጠም፤ ቁርጥ ካሴቱ!» አለኝ። አመሰገንኩት።

ሩሃማ አልመጣችም። ሲኒማ ቤቱ ሺፍት ሰጥቷት ነው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14

ሩሃማ ጸጉሯን ልትሠራ እታለማሁ ጋ ሄዳ ሳትሠራ ተመለሰች። «ምነው?» አልኳት። ሰሊና የተወችላትን ኮት አላወለቀችም።

«ሺ ቶልድ ሚ፣ ማም።»

«ማን? ምን ነገረችሽ?»

«ኤቭሪቲንግ፣ ሁሉንም። የዮዲን ነገር ከእናትሽ ነው የሰማሁት አለችኝ። ዴቱን ራሱ፣ የቪዛውን።»

እታለማሁ ጸጉር ስትሠራ የሚባለውን ሁሉ ትቀላቅላለች አልኳት። እኔ እንዲህ አላልኩም፤ ብልም በዚህ መንፈስ አይደለም አልኳት። ክፍሏ ገባች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ቀኑን ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። በየት በኩል እንደመጣ አላስታውስም። ሰው ሲጠይቅ ሰው ይመልሳል።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 17

አሁንም አታናግረኝም። ራት ሠርቼ አስቀምጣለሁ፤ ሲነጋ እንዳለ አገኘዋለሁ። እንደ አባቷ ናት፤ ስድብ እንኳ ትነፍገኛለች።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 21

ሰሊና ደወለች። ድምፁ ሩቅ ነው፤ ከኋላ ልጅ ትዘፍናለች። ድራማው ላይ እስካሁን አለች፤ ነርሷን ግን ቀስ በቀስ ሊያስወጧት ነው መሰለኝ ትላለች፤ ከእንግዲህ የሚያምናት የለም። ዳግመኛም ቪዛ እንደማያገኙ ተነግሯቸዋል፣ ሦስቱም። ሩሃማ ደህና ናት ወይ? ድምፅሽስ? ትለኛለች። ቪዲዮውን ሰው ልኮላት አይታዋለች። «እኔ እንዲህ አልዘፍነውም ነበር፣ እትዬ» አለችኝ።

ከዚያ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልሳነወርቅ ነው ይሉኛል ያስወራው። ስሜ በሬዲዮ እየተነሳ ቲኬት እንዲሸጥለት ብሎ። እኔ ለሱ አልነገርኩትም፤ ግን ስልክ ሳወራ ሰምቶኝ ሊሆን ይችላል። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ያደርገዋል?»

ሩሃማ ከክፍሏ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። የሰሊናን ስም ስጠራ ሰምታ ነው የወጣችው መሰለኝ፤ ልታናግራት። እጇን ለስልኩ ዘርግታለች።

ልሳነወርቅ ዛሬ ጠዋት ደውሎ ነበር። ዳላስ ጠርተውናል፣ ለፋሲካ ማግስት። ፖስተሩ ላይ ስሜን በቀይ ሊያወጣው ነው።

«ጥሩ ሰው ነው» አልኳት ሰሊናን። «ግን አፉን አይጠብቅም።»

ሩሃማ እጇን መለሰች። ስልኩን አልተቀበለችኝም። ኮቱን ለብሳ ወጣች፤ አሁን ይኼን ስጽፍ ገና አልተመለሰችም። ሰኞ ልምምድ እንጀምራለን። ጉሮሮዬን ከርክሮኛል፤ ሎሚና ማር መግዛት አለብኝ።